የወይን ማሳ ያለበት ቤት በሞንፌራቶ፦ እንዴት እንደገዛነው

ኢጣሊያ ገጠር ውስጥ ቤት መግዛታችንን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀን ዋጋውን ነው። ዋጋው ግን ቀላሉ ነገር ነበር፤ ሻጭ ይጠራል፣ ገዢ ይቀንሳል፣ መሃል ላይ ይገናኛሉ። ላብ የሚያስጠምቀው ከቤቱ ጋር የሚሸጠው መሬት ነው። በወይን አገር ቤት ብቻውን አይሸጥም። ጥቂት ረድፍ ወይን፣ ቁራጭ ጫካ፣ አንዳንዴም ከኮረብታው ማዶ ያለ ሻጮቹ ራሳቸው የረሱት ማሳ ተከትሎት ይመጣል። መሬት ካለ ደግሞ ወራሽ አለ፣ ድንበርተኛ ገበሬ አለ፣ የእርሻ ሕግ አለ።

እኔና ባለቤቴ ሚላኖ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሠርተናል። የኢጣሊያ ሕግ የውጭ ዜጋ ንብረት እንዲገዛ የሚፈቅደው በመሠረቱ ኢጣሊያዊም በዚያ ሰው አገር እንዲሁ መግዛት የሚችል ከሆነ ነው። ይህን የሰሙ ወዳጆቻችን "መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ከሆነበት አገር መጥታችሁ ማን ሊሸጥላችሁ ነው?" ብለው ሊያስቀሩን ሞክረው ነበር። ነገር ግን ለሥራ፣ ለቤተሰብ ወይም ለትምህርት የተሰጠ የመኖሪያ ፈቃድ ይዞ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ሰው ይህ ቅድመ ሁኔታ አይመለከተውም። ከፈቃዱ ሌላ የሚያስፈልገው ኮዲቼ ፊስካሌ የሚባለው የግብር መለያ ቁጥር ነው፤ እሱ ደግሞ እዚህ አገር ለሚኖር ሰው ከስሙ እኩል የሚሸመደድ ነገር ነው።

ቶስካና ስሙ ራሱ ይከፈልበታል። ባሮሎ የሚባለው ውድ ወይን ጠጅ የሚጠመቅበት የላንጌ ኮረብታ ደግሞ እንደ እኛ ላለ ደመወዝተኛ አይቀመስም። ስለዚህ ዓይናችንን በሰሜን ምዕራብ ኢጣሊያ፣ ፒየሞንቴ ክልል ውስጥ ወዳለው ወደ ሞንፌራቶ አዞርን። ከሚላኖ በመኪና የአንድ ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ ነው፤ በአስቲና በኒሳ ሞንፌራቶ ዙሪያ ባርቤራ የሚባለው ቀይ ወይን፣ በካኔሊ በኩል ደግሞ ሞስካቶ የሚባለው ነጭ ወይን ይበቅላል። የወይን ኮረብታዎቹ ከላንጌና ከሮኤሮ ጋር በ2014 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ምዝገባው ቱሪስት አምጥቷል፤ የቤትዎን የውጭ ገጽ ልቀይር ሲሉ ማዘጋጃ ቤቱ የሚናገረው ነገር እንዲኖረውም አድርጓል።

ያገኘነው ቤት የአካባቢው ሰው ካሺና የሚለው ዓይነት ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር የሰው መኖሪያ፣ የከብት ጋጣና የድርቆሽ ማስቀመጫ ጎን ለጎን የተሠሩበት፣ ከሥር ደግሞ የወይን ጠጅ ጓዳ ያለበት ነው። ደላላው ሲያሳየን ስለ ዕይታው ብቻ ነበር የሚያወራው። ዕይታውስ እውነትም ያምራል፤ ግን ለእሱ ኖታዮ በሚባለው የውል አጽዳቂ ፊት የሚፈረም ነገር የለም።

ከማንም በፊት ገንዘብ የከፈልነው ለጂኦሜትራ ነው። ጂኦሜትራ በቀያሽና በመሐንዲስ መካከል ያለ፣ የገጠር ኢጣሊያን ምስጢር ሁሉ የሚያውቅ ባለሙያ ነው። ደላላው ቤቱ እንዲሸጥ ይፈልጋል። የእኛ አገር ውልና ማስረጃ የሚሠራውን ሥራ የሚሠራው ኖታዮ ደግሞ የባለቤትነቱን ታሪክና የባንክ ዕዳውን ይመረምራል እንጂ ግድግዳ አይለካም። ገዢ በራሱ ገንዘብ የሚቀጥረው ጂኦሜትራ ግን ለገዢው ብቻ ይሠራል። ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ካዳስተር ከሚባለው የመሬትና የቤት መዝገብ የቤቱን ፕላን አውጥቶ ከእኛ ጋር መጣ። ወጥ ቤቱ መሃል ቆሞ ፕላኑን ሲዘረጋ እኛ የቆምንበት ክፍል በቀለም ብዕር "ጋጣ" ተብሎ ተጽፎበታል። ወለሉ ሴራሚክ፣ ምድጃው የጋዝ፤ ከማቀዝቀዣው አጠገብ ግን በሬ የሚታሰርበት የብረት ቀለበት ግድግዳው ላይ እንዳለ ነበር።

ይህ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ከመስከረም 1 ቀን 1967 በፊት (በፈረንጆች አቆጣጠር) ከከተማ ክልል ውጭ ለመሥራት ብዙ ጊዜ የግንባታ ፈቃድ አይጠየቅም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተደረገ ለውጥ ሁሉ ግን ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ጋጣውን ወጥ ቤት ያደረጉት ከዚያ በኋላ ነው፣ ፈቃድም አልነበራቸውም። ከ2010 ወዲህ ደግሞ የካዳስተሩ ፕላን ከቤቱ ጋር እንደሚስማማ በሽያጭ ውሉ ላይ ካልተረጋገጠ ውሉ ፈራሽ ነው። ሻጮቹ በራሳቸው ወጪ ማዘጋጃ ቤት ሄደው እንዲያስተካክሉ በውሉ አስገባን። ደላላው "ይህማ ሁሉም ቤት ላይ ያለ ነው" እያለ ሊያለሳልሰው ሞከረ። ሁሉም ቤት ላይ መኖሩ ቅጣቱን እኛ የምንከፍልበት ምክንያት አይሆንም።

ጂኦሜትራው ቀጥሎ ጣቱን የቀሰረው ወደ ድርቆሹ ቤት ጣሪያ ነው፤ ግራጫ፣ ሞገድ ሞገድ ያለው የአስቤስቶስ ክዳን። እዚህ አካባቢ አስቤስቶስ የሚነገረው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው። ካዛሌ ሞንፌራቶ ከ1907 እስከ 1986 የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ፋብሪካ የነበረባት ከተማ ናት፤ ሠራተኞቹ ብቻ ሳይሆኑ በደጁ ያልፉ የነበሩ ነዋሪዎችም በሳንባ ሽፋን ካንሰር አልቀዋል። ኢጣሊያ አስቤስቶስን በሕግ የከለከለችው በ1992 ነው። ያልተሰባበረ ክዳን ወዲያውኑ ይነሣ አይባልም፤ ሲነሣ ግን ፈቃድ ያለው ድርጅት ብቻ ነው የሚነካው፣ ሂሳቡም ከባድ ነው። ግምቱን አስጽፈን ከዋጋው ላይ አስቀነስን። የኮረብታው አፈር የሚንሸራተት ዓይነት ስለሆነ የመሬት መንሸራተት ካርታውንም አስመለከትን። የታናሮ ወንዝ በኅዳር 1994 አስቲንና አሌሳንድሪያን ያጥለቀለቀበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው እዚህ ይህን ጥያቄ እንደ ጥርጣሬ አይቆጥረውም።

የወራሽ ነገር ለአበሻ አዲስ አይደለም ብዬ ነበር የገባሁበት። የካዳስተሩ መዝገብ ላይ ግን ከሞቱ ረጅም ዘመን ያለፋቸው አያት ስም አሁንም አለ። ልጆቻቸው ተከፋፍለዋል፣ የልጅ ልጆቻቸው ተበትነዋል። ከፒየሞንቴ እንደወጣው እንደ ብዙው ሕዝብ የዚህ ቤተሰብ አንዱ ቅርንጫፍ አርጀንቲና ገብቶ ቀርቷል። ፊርማቸው የሚገኘው በቆንስላ በኩል በሚላክ ውክልና ነው። ኖታዮው እያንዳንዱ ወራሽ ውርሱን መቀበሉ በመዝገብ ካልሰፈረ አልፈርምም አለ፤ ሌላ ኖታዮ በሆነ እያልን ብናጉረመርምም ትክክለኛው እሱ ነበር። ያ ካልተመዘገበ ነገ እኛ ስንሸጥ ወይም ባንክ ብድር ስንጠይቅ ክፍተቱ ተመልሶ ይወጣል።

የቀብዱ ሕግ እንኳ የምናውቀው ዓይነት ነው፤ እንደ እኛው ፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ ውሉን ከሰረዘ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ሻጭ ከሰረዘ እጥፍ ይመልሳል። ልዩነቱ እዚህ ኮምፕሮሜሶ የሚባለው የመጀመሪያ ውል ግብር መሥሪያ ቤት ተመዝግቦ ማደሩ ነው። ውሉ ላይ የእኛን ግዴታ በአንድ ነገር እንዲታሰር አደረግን፦ ድንበርተኛው ገበሬ የቀደምትነት መብቱን ካልተጠቀመ ብቻ እንገዛለን።

ይህ መብት የወይን አገር ቤት ገዢ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው። የእርሻ መሬት ሲሸጥ አጠገቡ የራሱን መሬት የሚያርስ ገበሬ በዚያው ዋጋ ቀድሞ የመግዛት መብት አለው። ሻጩ የውሉን ቅጂ በአደራ ደብዳቤ ይልክለታል፤ ገበሬው በ30 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል። ካልተነገረው ግን ሽያጩ ከተመዘገበ በኋላ እስከ አንድ ዓመት ድረስ መሬቱን ከገዢው እጅ በዚያው ዋጋ መውሰድ ይችላል። ደላላው "ደብዳቤው ይላክና ዝም ብለን እንጠብቅ" አለን። እኛ ደግሞ ጎረቤታችን ሊሆኑ የሚችሉትን ሰው መጀመሪያ በደብዳቤ መተዋወቅ ነውር መሰለንና በራቸውን አንኳኳን።

ከሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ምልክት የሌለው የባርቤራ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ብዙም ሳያነጋግሩን ወደ ድንበሩ ይዘውን ወጡ። መስከረም ነበር። ከሻጮቹ ወገን ካለው ረድፍ አንድ ቅጠል ቀነጠሱ፤ ጊዜው ሳይደርስ ቀልቷል፣ ጠርዙ ወደ ታች ተጠቅልሏል፣ በጣት ሲይዙት እንደ ደረቅ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ቅርንጫፉ ደግሞ በዚያ ወቅት እንጨት መሆን ሲገባው አረንጓዴና ለስላሳ ነበር፤ ዘለላው ደርቋል።

"ፍላቬሼንሳ ነው" አሉ። "ከዚህ ወገን ነው ወደ እኔ የሚሻገረው። እናንተ ከገዛችሁ ማን ይረጨዋል?"

"እርስዎ ካላሳዩን እኛ አናውቅበትም" አልኳቸው።

"እንግዲያው እኔ አልገዛም" አሉና ጠርሙሱ ወዳለበት መለሱን።

ፍላቬሼንሳ ዶራታ በትንሽ የቅጠል ነፍሳት የሚተላለፍ የወይን በሽታ ነው፤ ባርቤራ ደግሞ በጣም ይጠቃበታል። መድኃኒት ስለሌለው የታመመው ግንድ ይነቀላል፣ ነፍሳቱን የሚገድል መርጨት ደግሞ በሕግ ግዴታ ነው። ተበትነው የሚኖሩ ወራሾች ይህን ስላላደረጉ ሰውየው የራሳቸውን ማሳ ሲያጡ ኖረዋል። መሬቱን ለመግዛት አቅሙም ተተኪውም የላቸውም፤ የሚፈልጉት በሽታውን የሚያስቆም ጎረቤት ነው። መብታቸውን እንደማይጠቀሙ በጽሑፍ ሰጡን፤ እኛም የታመመውን ረድፍ አስነቀልን፣ የቀረውን እሳቸው እንዲያለሙት ተስማማን።

እዚህ ላይ ሰውየው በእጅ መጨባበጥ ይበቃል ብለው ነበር። ከወዳጅ ጋር ወረቀት መጻፍ የሚያሳፍረው እኛን ብቻ አይደለም ለካ። ግን በ1982 የወጣው የእርሻ ኪራይ ሕግ የኪራይ ዘመኑን ቢያንስ 15 ዓመት ያደርገዋል፤ በቃል የተሰጠ መሬት ነገ ኪራይ ነው ቢባል ክርክሩ አያልቅም። ስለዚህ ኮሞዳቶ የሚባለውን ያለ ክፍያ የማዋስ ውል ጽፈን አስመዘገብን። ሰውየው ቅር ብሏቸው ነበር፤ ውሉን ከገበሬዎች ማኅበር ሰው ጋር ካነበቡት በኋላ ግን እሳቸውንም እንደሚጠብቃቸው ገባቸው።

ግብሩን በአጭሩ ልለፈው። ቤቱን መኖሪያዬ ብሎ ለሚያስመዘግብ ገዢ 2 በመቶ፣ ለሁለተኛ ቤት 9 በመቶ ነው፤ የሚሰላውም ከገበያ ዋጋው ብዙ ጊዜ በሚያንሰው የካዳስተር ግምት ላይ ነው። ቅናሹን የሚፈልግ ሰው በ18 ወር ውስጥ የመኖሪያ ምዝገባውን ወደዚያ ወረዳ ማዛወር አለበት። ገበሬ ያልሆነ ሰው ለሚገዛው የእርሻ መሬት ግን 15 በመቶ ይከፈላል። ማንም የማይነግርዎት፣ ቤቱ ርካሽ በሆነ ቁጥር የዙሪያው ወጪ ከዋጋው ጋር ሲነጻጸር እየበዛ መሄዱ ነው፤ የኖታዮው ክፍያና ከ1,000 ዩሮ የማያንሰው የምዝገባ ግብር ቤቱ ስለረከሰ አይረክሱም።

የፊርማው ዕለት ኖታዮው ውሉን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ አነበበ፤ ሕጉ እንዲያ ያዛል። ቢሮው ያለበት ጎዳና ስሙ ቪያ አዱዋ ነው። ብዙ የኢጣሊያ ከተማ እንዲህ ያለ ጎዳና አለው፤ ባለቤቴ ግን ከምልክቱ ሥር ፎቶ ካልተነሣሁ አልገባም ብላ ወራሾቹን ሁሉ አስጠበቀች።

አሁን እንደ እኛ ለመግዛት አስበው የሚያማክሩኝ ሰዎች አሉ። ከማሳው የራሳቸውን ወይን ጠጅ መጥመቅ ለሚያምራቸው፦ ለቤት መጠጫ እስከ 1,000 ካሬ ሜትር ድረስ ያለ ተከላ ፈቃድ ይቻላል፤ ለሽያጭ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ፍሳሹ ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቁ፤ ኮረብታ ላይ ያለ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ጉድጓድ እንጂ የሕዝብ መስመር የለውም። ወደ ቤቱ የሚያስገባው መንገድ በማን መሬት እንደሚያልፍም ካርታው ላይ ይዩ። ቤቱን ደግሞ በግንቦት ብቻ አይተው አይወስኑ። በግንቦት ኮረብታው ሁሉ ያምራል። በኅዳር ዝናብና ጉም መካከል ሲሄዱ ጣሪያው የት እንደሚያፈስ፣ መንገዱ የት ጎማ እንደሚይዝ፣ ፀሐይ ከቀትር በኋላ ስንት ሰዓት ላይ ግቢውን ትታ እንደምትሄድ ይታያል። የሰሜኑን ግድግዳ እርጥበት እኛ ያየነው ያኔ ነው፤ ከዋጋው ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ያስቀነስነውም በእሱ ነው።