ሌላ ቁም ሳጥን ጨምሩልን

የምሠራው እንጨት ሥራ ቤት ነው። ቁም ሳጥን፣ የኪችን ካቢኔት፣ አልጋ፣ የመጣውን እንሠራለን። ባለፈው ከጀሞ ኮንዶሚኒየም አንዲት ደንበኛ ደወሉ። የመኝታ ቤታቸው ቁም ሳጥን ሞልቶ አልዘጋ ብሏል፣ ሌላ ጨምሩልን ነው ነገሩ። ጋሼ፣ አለቃዬ ማለት ነው፣ ደስ አላቸው። ሙሉ ቁም ሳጥን ጥሩ ገንዘብ አለዋ! ሜትር አስይዘው ላኩኝ።

ክፍሏ ጠባብ ናት። አልጋው አጠገብ የቀረው ባዶ ቦታ ቢበዛ 80 ሳንቲ ነው። ልብስ የሚሰቀልበት ቁም ሳጥን ደግሞ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ገደማ መሆን አለበት፤ ካነሰ የኮት ትከሻ በሩን አያዘጋም። የቀረችው 20 ሳንቲ በር ልትከፈትባት ነው ወይስ እትዬ ከአልጋ ሊወርዱባት?

«እስቲ ያለውን ይክፈቱልኝ» አልኳቸው።

«ኧረ ልጄ፣ ጉድ ነው ያለው፣ አያስከፍትም» አሉ። ግን ከፈቱት። ፌስታል በፌስታል ላይ ተንዶ እግሬ ሥር ወረደ።

ውስጡ ስፋቱ 1 ሜትር ከ20 ነው። ላይ አንድ መደርደሪያ፣ ከሥሩ አንድ የመስቀያ ብረት ከዳር እስከ ዳር፣ በቃ። መደርደሪያው መሀሉ ላይ ድጋፍ የሌለው ቺፑድ ስለሆነ ብርድ ልብሱ ተጭኖት ጎብጧል። የባልየው ሸሚዞችና የልጆቹ ጃኬቶች ተሰቅለው ከ1 ሜትር አያልፉም፤ ከሥራቸው ሌላ 1 ሜትር አየር አለ፣ እና ጫማው፣ ፌስታሉ፣ የተቃጠለው ካውያ ሳይቀር እዚያ አየር ውስጥ ነው የተከመረው። ቦታስ ነበራቸው። የሠራላቸው ሰው ግድግዳውን እንጂ ልብሱን አልለካም።

መሀሉ ላይ አንድ የቆመ አካፋይ እናስገባለን አልኩ፣ መደርደሪያውንም እሱ ይሸከመዋል። በግራ በኩል ሁለት ብረት፣ አንዱ 2 ሜትር ላይ፣ አንዱ 1 ሜትር ላይ። በቀኝ ረጃጅሙ ልብስ። ሻንጣው ሳጥኑ አናት ላይ ይውጣ። ቦርዱ ከፋብሪካ ሲመጣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ44 ስለሆነ ሳጥኑም እዚያው አካባቢ ያበቃል፣ ከዚያ በላይ እስከ ኮርኒሱ ያለውን ቦታ ማንም አያስታውሰውም።

እዚህ ድረስ ተስማማን። የተጣላነው በሐበሻ ቀሚስ ነው። በላስቲክ ሸፍነው ደርድረው ሰቅለዋቸዋል፣ ግማሹን ቦታ በልተውታል። ይታጠፉ ስላቸው ተቆጡ።

«የሐበሻ ቀሚስ እንዴት ይታጠፋል? ሊጨማደድ?»

«እትዬ፣ ጥልፉ ይከብዳል። ተሰቅሎ ሲከርም ሸማውን ወደ ታች ይስበዋል። በንጹሕ ነጠላ ጠቅልለው መደርደሪያ ላይ ያስተኙት።»

አላመኑኝም። አንዱን አውርደው ከላያቸው ላይ ለኩት። ጫፉ መሬት ይጠርጋል፣ ያውም በአንድ በኩል ብቻ። ትንሽ አዩትና ሳቃቸው መጣ። «እኔኮ በእርጅና ያጠርኩ መስሎኝ!»

ሥራው ግማሽ ቀን ሳይሞላ አለቀ። ልብሱ ሲመለስ ከታችኛው ብረት በታች ባዶ ቦታ ተረፈ። የተቃጠለው ካውያ ግን አይጣልም ተባለ፣ ይሠራ ይሆናል። (የማንኛችን ቤት ነው እንዲህ ያለ ካውያ የሌለው?)

ጋሼ ማታ ሒሳቡን ሲያዩ ፊታቸው ተቀየረ። «ሙሉ ቁም ሳጥን ልሽጥ ብልክህ የአንድ ጣውላ ሒሳብ ይዘህ ትመጣለህ?» እውነታቸውን ነው፣ የቤት ኪራይ የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው። ግን አልጋው አጠገብ ያንን ሳጥን ብንገትረው በሳምንቱ «ኑና አንሱልኝ» መባላችን የማይቀር ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ተሸክሜ ደረጃ የምወርደው እኔ ነኝ።

«ጫማውስ?» አሉኝ ቆይተው። «ሜዳ ላይ ጥለኸው መጣህ?»

«ከረጃጅሙ ልብስ ሥር ባለ ሁለት ደርብ የጫማ መደርደሪያ አዘውኛል። ቀብድም ከፍለዋል።»

«እሱን አታስቀድምም ታዲያ!»

ቅዳሜ ሄጄ እገጥመዋለሁ።