ጥላሁን ይቆየን፣ መጀመሪያ ቤዙ

የድሮውን የኢትዮጵያ ሙዚቃ ለወጣቶች ለማስወደድ ያደረግኩት የመጀመሪያው ሙከራዬ ከሸፈ። የእህቴ ልጅ 16 ዓመቱ ነው፤ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። አማርኛ ይሰማል፣ የሚመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ቅዳሜ እሱንና ሦስት ጓደኞቹን ሳሎን አስቀምጬ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አወራሁ። ስለ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም መጥተው የማርሽ ባንድ ስለሆኑት 40 የአርመን ልጆች፣ ስለ ሙዚቃ አቀናባሪው ነርሲስ ናልባንዲያን። ከዚያ የጥላሁን ገሠሠን ትዝታ ከፈትኩ። ሁለቱ ስልካቸውን አወጡ። አንዷ፣ እግዜር ይስጣት፣ ቀስ ብላ "ጋሼ፣ ሰው ሞቶ ነው?" አለችኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ግጥሙ የማይገባው ልጅ ከጥላሁን ግማሹ ያመልጠዋል። እኔ ራሴ ጥላሁንን የምወደው አባቴ እሁድ ጠዋት ጫማውን ሲጠርግ ሬዲዮው ውስጥ ስለነበረ ነው። እነዚህ ልጆች ያ እሁድ የላቸውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ዝም ብዬ የዋልያስ ባንድን "ሙዚቃዊ ስልት" ለቀቅኩት። ግጥም የለውም። ቤዝ ጊታሩ ገባ፣ የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ገባ፣ አንገቶች መነቅነቅ ጀመሩ። ቀጥዬ የሙላቱ አስታጥቄን "የግሌ ትዝታ" ስከፍት አንደኛው ከሶፋው ብድግ አለ። "ይሄማ የናስ ነው!" እውነቱን ነው፤ የአሜሪካው ራፐር ናስና የጃማይካው ዴሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ዘፈናቸው ውስጥ አስገብተውታል። "የናስ አይደለም፣ የጅማ ልጅ ነው" አልኩት። ከዚያ በኋላ ጠያቂዎቹ እነሱ ሆኑ፣ እኔም የተጠየቅኩትን ብቻ መመለስ ለመድኩ።

ቅኝትን፣ ማለትም ዘፈኑ የሚሠራባቸውን የድምፆች ስብስብ፣ ማስረዳት ይከብደኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። የልጁ ኪቦርድ ገላገለኝ። "ጥቁሮቹን ብቻ ንካ፤ ሦስት ሆነው ከተደረደሩት የመጀመሪያው ላይ ጀምር፣ እዚያው ጨርስ" አልኩት። ትዝታ የሚባለው ቅኝት ሙሉውን ወጣ! አምስት ድምፅ ነው፣ አለቀ። ከአምስቱ ሦስተኛውንና የመጨረሻውን በግማሽ ዝቅ ሲያደርግ ደግሞ ያ ሆድ የሚያባባው ትዝታ ማይነር መጣ። የሙላቱ ሥራ ይህንን አምስት ድምፅ ይዞ ከሥሩ የጃዝ ኮርድ ማንጠፍ እንደሆነ ያኔ ገባቸው። አንቺ ሆዬ የሚባለውን ሌላ ቅኝት ግን አልሞከርኩትም፤ እኔንም ያምታታኛል።

አንድ ነገር ልናገር። አሁን አሁን የድሮ ነገር ሁሉ "ኢትዮ ጃዝ" ይባላል። ስሙ የሙላቱ ሥራ ነው። ማህሙድ አህመድን ወይም ብዙነሽ በቀለን ጃዝ ማለት ሽሮን ሾርባ እንደማለት ነው። ልጆቹን በዚህ አላደረቅኳቸውም፣ እናንተን ግን ላድርቃችሁ።

ሳላስበው የያዛቸው ጌታቸው መኩሪያ ነው። ሳክስፎኑ ለምን እንደሚጮህ ጠየቁኝ። ሽለላና ፉከራ ምን እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ጀግና ከጦር ሜዳ በፊትና በኋላ የሚለውን በሳክስፎን እያለው ነው አልኳቸው። ደግመው ከፈቱት። አለማየሁ እሸቴ ሲጮህ ሳቁ፣ ግን አላቋረጡትም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የዘፈን ሸክላ ማሳተም የጀመረው የኅትመቱ መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ መሆኑን ስነግራቸው ደግሞ ዓይናቸው በራ። ሕግ የጣሰ ወጣት ይወዳሉ።

የከሰርኩበትም አለ። ከአንድ አዛውንት የተዋስኩትን ሸክላ በአሮጌ መርፌ ቧጨርኩት። "ምንም አይደል ልጄ" አሉኝ፤ ፊታቸው ግን ምንም አይደል አላለም። ከዚያ ወዲህ ኢትዮፒክስ በሚል ተከታታይ በሲዲ የወጡትን ነው የማሰማው።

ጥላሁንን መልሼ የከፈትኩት ስድስተኛው ቅዳሜ ላይ ነው። ማንም ስልክ አላወጣም። እንደ እኔ ወደዱት አልልም፤ እስከ መጨረሻው ግን ሰሙት።

የዚያን ቀን ስለ ኃይሉ መርጊያ ሌላውን ታሪክ ነገርኳቸው። እዚሁ ዋሽንግተን ለዓመታት ታክሲ ሲነዳ ኖሯል። ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ፣ ደንበኛ በሚጠብቅበት ሰዓት ይለማመድ ነበር። የእህቴ ልጅ ዝም አለና ወደ ኩሽና ዞረ። "አባዬም ታክሲ ነው የሚነዳው። አባዬ፣ አንተስ ድሮ ምን ነበርክ?"

አማቼ ሽንኩርት እየከተፈ ነበር። "ቀበሌ ኪነት ውስጥ ድራም እመታ ነበር" አለ፣ ቀና ሳይል። አሥራ ስምንት ዓመት ዘመዴ ሆኖ ይህን አላውቅም ነበር! ልጁ እጁን ይዞ ጠረጴዛው ጋ አመጣው። አባትየው ቺክቺካውን፣ ያን የጭፈራ ምት፣ በጣቶቹ ጀመረው። ልጁ ሊከተል ሞከረ፣ ሦስተኛው ምት ላይ ተደናቀፈ።

"አትቸኩል" አለው አባቱ፣ እጁን በፎጣ እየጠረገ። "እንደገና።"