አጎት የሌላት ልጅስ?

አያቴ ያደገችው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ቅኔ ቤት አጠገብ ነው፣ የቆሎ ተማሪ "በእንተ ስማ ለማርያም" ሲል እንጀራ ይዛ የምትወጣው እሷ ነበረች፣ ማታ ማታ ደግሞ ተማሪዎቹ ሲቀኙ በአጥር እየሰማች አንድ ጉባኤ ቃና (ባለ ሁለት ስንኝ የግዕዝ ቅኔ) በቃሏ ይዛ ቀረች፣ እስከዛሬ ትለዋለች። ትርጉሙን ስትጠይቅ "እሱ ያንቺ አይደለም" አሏት፣ በቃ።

ሰሞኑን ስለ እንግሊዛዊቷ ጸሐፊ ሜሪ አስቴል ሳነብ አያቴ ናት ፊቴ ድቅን ያለችው። ስለ ሴት መብት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚጠራው የሜሪ ዎልስቶንክራፍትን የ1792 መጽሐፍ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፣ አስቴል ግን መቶ ዓመት ገደማ ቀድማ በ1694 ሴቶች ተሰብስበው የሚማሩበት ቤት ይሠራ ብላ ጻፈች፣ ገዳም የመሰለ ግን መሐላ የሌለበት፣ መውጣት ያማራት የምትወጣበት። ሴት ቁምነገር የላትም የምትሉት ስላላስተማራችኋት ነው እንጂ አእምሮውንማ እግዚአብሔር ለሷም ሰጥቷታል ነው ነገሩ። አጥባቂ አማኝ ነበረች፣ ክርክሯም ከእምነቷ ነው የሚነሳው፣ እኔን እዚህ ጋ ነው የያዘችኝ፣ እኛ ሀገር ይሄን ስናነሳ ወዲያው "ከሃይማኖት ወጣሽ" ስለምንባል።

በ1706 ደግሞ ስለ ጋብቻ በጻፈችው መጽሐፍ 3ኛ እትም መግቢያ ላይ ወንዶች ሁሉ ነጻ ሆነው ከተወለዱ ሴቶች ሁሉ እንዴት ባሪያ ሆነው ይወለዳሉ ብላ ጠየቀች።

ይቺን ለአያቴ ነገርኳት። ዝም አለችና "ማን አስተማራት?" አለችኝ።

"አጎቷ፣ ቄስ ነበር።"

"አዬ፣ እኔ አጎት አልነበረኝም የኔ ልጅ።"

እውነቷን ነው። የኛዋ እማሆይ ገላነሽም እኮ ዓይነ ስውር ሆነው እዚሁ ጎጃም ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩት ከቅኔ መምህር አባታቸው ተምረው ነው፣ በሩን የከፈተላቸው አባት ነው። አስቴል የፈለገችው ቤት አባትም አጎትም ለሌላት ልጅ ነበር። ካቶሊክ ካቶሊክ ይሸታል ተብሎ ተነቅፎ ሳይሠራ ቀረ፣ እሷ ግን በ1709 ለንደን ቼልሲ ውስጥ ለድሃ ሴት ልጆች ትምህርት ቤት አስከፍታለች።

እሁድ አያቴ ጋ ስሄድ ጉባኤ ቃናዋን በስልኬ ቀድቼ አንድ የኔታ ጋ እወስደዋለሁ፣ ሰምና ወርቁን ይፍቱላት።