መላጊያዬ ላገችልኝ

ቅዳሜ ዕለት ከዋንዛ ጣውላ ላይ ከዳር እስከ ዳር ያልተቆረጠ ልጣጭ አወጣሁ። ስስ፣ ጥቅልል ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ። ሮጬ ለእናቴ አሳየኋት። «ቤቱን ማን ሊጠርገው ነው?» አለችኝ። ስለዚህ ለእናንተ ልንገር።

ደሴ ውስጥ በትርፍ ሰዓቴ እንጨት መነካካት ከጀመርኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። መጋዝ፣ መዶሻና ሜትር ፒያሳ ዞር ዞር ብዬ ገዛሁ። እሱ አያስቸግርም። 2 በርጩማና 1 የጫማ መደርደሪያ ሠርቻለሁ። አንዱ በርጩማ ይንገዳገዳል፤ እንግዳ አናስቀምጥበትም።

ያሰቃየኝ መላጊያ ነው፤ እንጨቱን እየላጠ የሚያለሰልሰው ዕቃ። መጀመሪያ አሜሪካ ያለውን ወንድሜን ነዘነዝኩት። ሻንጣው ውስጥ የእናቴን ጫማ አስቀርቶ የኤሌክትሪክ መላጊያ ይዞልኝ መጣ። አዳፕተር ገጥሜ ሰካሁት። አንዴ ጮኸ፣ የተቃጠለ ሽቦ ሸተተኝ፣ አለቀ። ዕቃው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ መብራት 220። አዳፕተር የመሰኪያውን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። ከውጭ የምታስመጡ ሰዎች፣ ዕቃው ሳይገዛ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አስነስታችሁ አንብቡ። ባትሪ ያለው ከሆነ ደግሞ ቻርጀሩ ላይ «100–240» የሚል ከሌለ ይቅርባችሁ። ለወንድሜ እስካሁን አልነገርኩትም።

ከዚያ ሰኞ ገበያ፣ አሮጌ ብረታ ብረት ከተዘረጋበት፣ ዝገት የበላው የእጅ መላጊያ አገኘሁ። በነጭ ጋዝ ፈትጌ አጸዳሁት። ግን አይልግም፤ ይቦጭቃል። 2 ወር ሙሉ እንጨቱን ረገምኩ። በመጨረሻ ሰፈራችን ላሉ አዛውንት አናጢ ወሰድኩላቸው። ምላጩን አውጥተው በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉትና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ማንኪያ ነው» አሉኝ።

ለካ እኔ የምስለው የምላጩን ያጋደለ ፊት ብቻ ኖሯል። ጀርባው ካልተስተካከለ ስለት የለም። አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ከመስታወት ቤት ወፍራም ትራፊ መስታወት ለመንኩ። የመኪና ቀለም ቀቢዎች በውሃ የሚጠቀሙበትን ጥቁር ብርጭቆ ወረቀት በላዩ አነጥፋለሁ፤ መጀመሪያ ሻካራውን ቁጥር 220፣ ቀጥሎ 400፣ መጨረሻ ልስልሱን 1000። ጀርባውን ልጥፍ አድርጌ እፈትጋለሁ። ፊቱን ወደ 25 ዲግሪ አጋድሜ እስላለሁ፣ ጀርባው ላይ ጣት የሚይዝ ሻካራ ጠርዝ እስኪወጣ። እሱን አሮጌ ቀበቶ ላይ አራግፋለሁ። የክንዴን ፀጉር ከላጨ በቃ። እውነቱን ለመናገር ግራ ክንዴ መላጣ ሆኗል።

በሞተር የሚሽከረከር ድንጋይ ላይ አትሳሉ ብዬ እለምናለሁ። ብረቱ ግሎ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬውን አጥቷል፣ ስለት አይዝም። የእኔ ምላጭ አንድ ጥግ ሰማያዊ ነው። ስትልጉ ደግሞ የእንጨቱን አቅጣጫ እዩ። እንደ ድመት ፀጉር ነው፤ ወደ ኋላ ከሄዳችሁበት ይቆማል።

አሁን የያዘኝ መሳቢያ ነው። ጣውላውን ከኮምቦልቻ አምጥቼ በበጋ ልክክ አድርጌ ገጠምኩት። እንጨት በወርዱ እንደሚያብጥ ረስቼ ክፍተት አልተውኩም። ክረምቱ ገባ፣ የደሴ ጉም ወረደ፣ መሳቢያው ተጣብቆ ቀረ። ወርዱን ለክቼ ትንሽ ልልገው ነበር። ሜትሬ ውስጡ ነው።