«ሁለት ቀን ነው እኮ!»

ይህን ነገር ሳስታውሰው አሁንም ያንገበግበኛል።

የበልግን ዝናብ ከሲሚፕ6 (ዓለም አቀፍ የአየር ንብረት ሞዴሎች ስብስብ) ሞዴሎች እያወጣን ነበር። አንዱ የእንግሊዙ ዩኬኢኤስኤም1 ነው። ፋይሎቹን «አጽድተው» የሰጡኝ አማካሪያችን ናቸው፤ ስማቸው ይቅር። ሲዲኦ በሚባለው የአየር ንብረት መረጃ ማስሊያ ፕሮግራም የወር ድምር ከማውጣቴ በፊት፣ ቀኖቹን ተርሚናሉ ላይ ሾውዴት በሚለው ትዕዛዙ ደረደርኳቸው። ፌብሩዋሪ በ28 ያልቃል። ማርች ደግሞ በ30። ሜይም በ30። እንዲህ ያለ ዓመት የትም አገር የለም። ዋናውን ፋይል ፈልጌ የፋይሉን ይዘት በሚያሳየው ኤንሲዳምፕ ራስጌውን ሳየው ካላንደሩ «360 ቀን» ይላል። እሳቸው ጋ ሄድኩ።

«ዶክተር፣ ፌብሩዋሪ ላይ ቀን የተቆረጠው ለምንድን ነው?»

«ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የት አይተህ ታውቃለህ? ፋይሉ ሲወርድ ተበላሽቶ ነው፤ አስተካከልኩት።»

«አልተበላሸም። ሞዴሉ ሲሠራ ጀምሮ እያንዳንዱን ወር 30 ቀን አድርጎ ነው የሚያሰላው። ጳጉሜን የሌለችበት የኛ ዘመን አቆጣጠር በሉት።»

ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ሁለት ቀን ነው እኮ! ምን ያመጣል?» አሉኝ።

ያቃጠለኝ ይቺ ነች። ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ በተራ ዓመት 120 ቀን ነው። በሞዴሉም አራት ጊዜ 30፣ ያው 120። ማንም ባይነካው ኖሮ የበልጉ ድምር ከምናነጻጽርበት ከቺርፕስ (ከሳተላይትና ከጣቢያ የተገኘ የዝናብ መረጃ) ጋር በቀን ብዛት እኩል ነበር። ሲቆረጥ 118 ሆነ፣ በልጉም ሞዴሉ ካሰላው በላይ ደረቅ መሰለ ማለት ነው። እሺ፣ የፌብሩዋሪ ዝናብ ትንሽ ነው፣ ልዩነቱም ትንሽ ይሆናል። ግን ሞዴሉ ዘነበ ያለውን ዝናብ እኛ ማን ሆነን ነው የምንጥለው? ወሎ ውስጥ በልግን ጠብቆ የሚዘራ ገበሬ አለ። ሪፖርቱ የሚጻፈው ስለሱ ነው።

ክረምቱ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር በእውነተኛው ካላንደር 122 ቀን ነው፣ በሞዴሉ 120። እዚያ ምንም ሳይቆረጥም ድምርን ከድምር ጋር ማነጻጸር አያስኬድም። በቀን አማካይ መሥራት ይሻላል፤ ሁሉንም ወቅት እንደዚያ አድርጌ ከዋናው ፋይል እንደገና አወጣሁት።

ሠንጠረዡን ላኩላቸው። ምንም ሳይሉ ሪፖርቱ ውስጥ አስገቡት። ሌላ ጊዜ የጸዳ ፋይል ሲሰጡኝ ግን ዋናውም አብሮ ይመጣል፤ ሳልጠይቃቸው።