የጣና ነጭ ዓሣና ባለ አንድ ዓምዱ ቅጽ

በዓመታዊው የሥራ ግምገማ ላይ አለቃችን ሪፖርቱን ያነበቡት ከወትሮው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር። ከሐይቁ የወጣው የዓሣ ምርት ካለፈው ዓመት በልጧል፤ ክንውኑ ከዕቅዱ አልፏል፤ ጣቢያዎቹም ሊመሰገኑ ይገባል። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡት እንግዶች አጨበጨቡ። በሩ አጠገብ የተቀመጡት የአንደኛው ማራገፊያ ጣቢያ ሚዛን ተቆጣጣሪ ግን እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አላወጡም። ዕድሜያቸውን በዚያ ሚዛን ፊት ያሳለፉ ሴት ናቸው። አስጋሪው ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል፤ እኛ የቢሮ ሰዎችም እንደዚያው።

ጥያቄ ያለው ሲባል ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ «ነጭ ዓሣው የቱ ጋ ነው ያለው?» አሉ።

«እትዬ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተደምሮ ነው የቀረበው» አሉ አለቃችን።

«መደመሩንማ ሰማሁ። እኔ የጠየቅሁት ነጭ ዓሣውን ነው።»

አዳራሹ ሳቀ፤ ስብሰባውም ወደ ሞተር ጀልባው ጥገና አለፈ።

የመሥሪያ ቤቱን ስም አላነሣም፤ በጣና ዙሪያ የዓሣ ምርት ከሚመዘግቡት አንዱ ነው ማለት ይበቃል። እኔ በመረጃ ባለሙያነት ከተቀጠርሁ ገና ብዙ አልቆየሁም ነበር። ከየጣቢያው የሚመጣው ቅጽ ቀን፣ የጀልባው ባለቤት፣ ኪሎና ዋጋ የሚሉ ቦታዎች አሉት፤ ለዓሣው ሁሉ፣ ዓይነቱ ሳይለይ፣ ያለው የኪሎ ዓምድ ግን አንድ ነው። ለግብርም ሆነ ለዕቅድ ክንውን እንከን የማይወጣለት ቅጽ ነው። ሐይቁ እንዴት እንደከረመ የሚጠይቀው ሰው ግን ጤፍና ማሽላ በአንድ ጎተራ ገልብጦ «ዘንድሮ ጤፉ እንዴት ነበር?» እንደሚል ገበሬ ይሆናል።

ጣናን በቅርብ የማያውቅ ሰው ነጭ ዓሣ ሲባል አንድ ዓሣ ይመስለዋል። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ ቢሆንም አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከታች በዓባይ ያለው ዓሣ ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ ደግሞ 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ በሩን ዘግቶበታል። ከአንድ የዘር ግንድ የተነሣው ነጭ ዓሣ በዚህ ዝግ ቤት ውስጥ ቢያንስ 15 ዝርያ ሆኖ ተከፋፍሏል፤ ዝርያዎቹም በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የላቸውም። አንዱ ከጭቃው ትል ይለቅማል፤ ሌላው የውኃ ዕፅዋት ይግጣል፤ ስምንቱ ደግሞ ሌላ ዓሣ አሳድደው የሚውጡ ናቸው። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውምና ዓሣ በል መሆናቸው ተመራማሪዎችን ለብዙ ጊዜ ሲያስገርም ኖሯል።

ሊቃውንቱም ቢሆኑ ተንገዳግደውበታል። ጀርመናዊው ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ጥቂቶቹን ለይቶ ስም ሰጣቸው። በ1973 ሁሉም ተጠቅልለው በአንድ ስም ሥር ገቡ። በ1990ዎቹ ከኔዘርላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች የአፋቸውን አቀማመጥ፣ የሰውነታቸውን ቅርጽና የሚበሉትን መርምረው እንደገና ለያዩዋቸው። የእኛ ቅጽ፣ ያለ ማንም ሊቅ ፈቃድ፣ ከሌሎቹ የሐይቁ ዓሦች፣ ከአምባዛና ከቀረሶ (ቲላፒያ) ጋር ሳይቀር ደባልቋቸዋል።

ከስብሰባው በኋላ እትዬን ተከትዬ ወጣሁ። ጥያቄያቸው ከቁጭት ብቻ የመጣ አልመሰለኝም ነበር። «ና እስቲ አንተ ልጅ፣ ማየት ከፈለግህ ጣቢያው ድረስ ና» አሉኝ። በማግሥቱ ሄድሁ። ከሚዛኑ ሥር፣ ከጨው ጆንያ ጀርባ፣ ጠርዛቸው የተበላ የተማሪ ደብተሮች አወጡ። ለቢሮው ከሚልኩት ቅጽ ጎን ለጎን የራሳቸውን መዝገብ ይዘው ኖረዋል።

ይህን ያደረጉት ለብዝኃ ሕይወት ተቆርቁረው አይደለም፤ እሳቸውም አይሉም። አስጋሪዎቹ በሽርክና ነው የሚሠሩት፤ ማን ስንት መረብ እንደጣለ ካልተጻፈ ማታ ላይ ሲካፈሉ ይጣላሉ። ፊሌቶ የሚያወጡት ሴቶች ደግሞ ለቀረሶ የሚከፍሉት ሌላ፣ ለነጭ ዓሣ ሌላ ነው፤ ነጭ ዓሣ እሾኹ ይበዛል። ስለዚህ እትዬ ጠብ ለማብረድ ሲሉ የዓሣውን ዓይነት፣ የመረቡን ብዛትና ያደረበትን ሌሊት ጽፈዋል። እንቁላል የተሸከመችውን ዓሣ ትንሽ መስቀል ያደርጉባታል፤ ሆዷ ሲጸዳ ክብደቷ ስለሚጎድል ገዢዎቹ እንዳይከራከሯቸው ነው። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ፕሮጀክት ቢቀረጽ የሚሰበሰበው መረጃ ይኸው ነበር፤ ያውም የፕሮጀክቱ ዘመን ሲያበቃ መረጃውም ያበቃ ነበር።

ደብተሮቹን ወደ ኮምፒውተር አስገባሁ። የፈለግሁት ጠቅላላውን ኪሎ ሳይሆን አንድ መረብ በአንድ ሌሊት የሚይዘውን ነበር። ምርቱ በእርግጥ ጨምሯል። የጨመረው ግን ጀልባውም፣ መረቡም፣ አስጋሪውም ስለበዛ ነው፤ የመረቡ ዓይንም እየጠበበ መጥቷል። በአንድ መረብ ሲካፈል ቀረሶው እንደ ነገሩ ቆሟል፤ አምባዛው ትንሽ ወረድ ብሏል፤ ነጭ ዓሣው ግን ከዓመት ዓመት እየሟሸሸ ሄዷል። ድምሩ ያማረው ቀረሶው የነጭ ዓሣውን ጉድለት ስለሸፈነለት ነው።

ለአለቃችን ሳሳያቸው አልተቆጡም፤ እንዲያውም ወንበር ስበው ተቀመጡ። ግን ወዲያው፣ «ዝናቡ ይሆናል። ውኃው ከፍና ዝቅ ሲል ዓሣውም ከፍና ዝቅ ይላል» አሉ። ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ መልስ አይደለም። የሰው ሥራ ያመጣውን ጉዳት ከተፈጥሮ መዋዠቅ መለየት የዚህ ሙያ ዋና ፈተና ነው፤ ብዙ ሪፖርት የሚወድቀውም እዚያ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ዝናቡማ ለቀረሶውም ዘንቧል» አልኋቸው።

ቀረሶ የሚራባው እዚያው ሐይቁ ዳር፣ ደንገሉና ሣሩ ባለበት ነው። ከነጭ ዓሣዎቹ ብዙዎቹ ግን ለመራባት ወደ ወንዝ መውጣት አለባቸው። ከሐምሌ ጀምሮ በጉማራ፣ በርብ፣ በግልገል ዓባይና በመገጭ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ወደ ላይ ወጥተው ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። አንድ ሐይቅ፣ አንድ ዝናብ፣ አንድ ገበያ ሆኖ ወንዝ የሚወጣው ብቻ በዚህ መጠን ከመነመነ ምክንያቱ መንገዱ ላይ መፈለግ አለበት። እኛ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ አልነበርንም። በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ ማስገር በጣና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በ1991 እና በ2001 የተሰበሰበውን ናሙና ያነጻጸረ ጥናት በወንዝ የሚራቡት ነጭ ዓሦች ክብደት በ75 በመቶ ገደማ፣ የጫጩቶቹ መጠን ደግሞ በ90 በመቶ ገደማ መውረዱን አሳይቶ ነበር። ጥናቱ በታወቀ የሳይንስ መጽሔት ላይ ከወጣ ቆይቷል፤ ከቅጻችን ጋር ግን ተገናኝቶ አያውቅም።

አለቃችን ዝም ብለው ቆዩና፣ «በል ወንዙን አሳየኝ» አሉ። ይህን አልጠበቅሁም። ከቢሮ መውጣት የማይወዱ ሰው ናቸው።

በነሐሴ መጀመሪያ፣ ፍልሰታ ሲገባ፣ ከእትዬ ጋር ሆነን በፎገራ በኩል ወዳለው የወንዝ አፍ ወረድን። ጊዜው እንዴት እንደሚገጥም ተመልከቱ፦ ብዙው ጾመኛ ከሥጋ ርቆ ዓሣ የሚፈልግበት፣ ዋጋው የሚወደድበት ሳምንትና እንቁላል የሞላት ዓሣ ወንዝ አፍ ላይ የምትጠባበቅበት ሳምንት አንድ ናቸው። መረቦቹ ከዳር እስከ ዳር ተወጥረዋል። ወደ ላይ ስንሄድ ደግሞ የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ ልጣጭ ዳር ላይ ተበትኖ አገኘን። ብርብራ ውኃ ውስጥ ሲገባ ዓሣውን ያፍነዋል፤ ትልቁንም ትንሹንም፣ የሚሸጠውንም የማይሸጠውንም ያንሳፍፈዋል። ትንሽ ከፍ ብሎ የጭነት መኪናዎች የአሸዋና የጠጠር ጭነታቸውን ይሞላሉ። ዓሣዋ እንቁላሏን የምትጥልበት ጠጠር ለሕንፃ ሥራ ተፈልጎ እየተጫነ ነው።

አለቃችን አንድ ሸምገል ያሉ አስጋሪ አግኝተው፣ «አባባ፣ በዚህ ወቅት እዚህ ማስገር ዘሩን መፍጀት መሆኑን ታውቃላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«እንዴት አናውቅም ጌታው? ሆዷን ስንከፍት እናየው የለም ወይ? ግን እኔ ብተወው ያኛው ይወስደዋል። እሱ ቢተወው ደግሞ ማታ ብርብራ ይዞ የሚመጣ አለ።»

እትዬ ጣልቃ ገብተው፣ «ዋሽተህ አታውቅም፤ ዛሬም አልዋሸህም» አሏቸው። ለብዙ ዓመት ሚዛን ላይ ሲገናኙ የኖሩ ሰዎች ናቸው።

በዕውቀት ማነስ ላይ የሚሰብክ በራሪ ወረቀት ማዘጋጀት እንደሌለብን ያኔ ገባኝ። ሕጉም ቢሆን አልጠፋም፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ጣናም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተመዝግቧል። የጎደለው ሁሉም በአንድ ቀን መረቡን የሚያነሣበት ስምምነትና ስምምነቱ መጥቀም አለመጥቀሙን የሚያሳይ መለኪያ ነው። በፊሊፒንስ የላናኦ ሐይቅ የጣናን የሚመስል የዓሣ ቤተሰብ ነበረው። ከውጭ የገባ ዓሣና ከልክ ያለፈ ማስገር ተደራርበውበት እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት 15 ዝርያዎቹ ከምድር እንደጠፉ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ከካርፕ ወገን በዚህ ዓይነት ዝርያው ተከፋፍሎ የተረፈ ትልቅ የዓሣ ቤተሰብ ሲፈለግ የሚጠራው ጣና ነው። ይህን ለአለቃችን በመኪና ውስጥ ስነግራቸው፣ «ይህንንማ ለእንግዶቹ መንገር ነበረብን» አሉ፤ ለየትኞቹ እንግዶች እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ከዚያ በኋላ ያለው አሰልቺ የቢሮ ሥራ ስለሆነ አላስረዝመውም። ቅጹ ተቀየረ፤ ዓይነት፣ የመረብ ብዛት፣ የመረብ ዓይን ስፋት፣ ያደረበት ሌሊትና እንቁላል የያዘች የሚሉ ዓምዶች ተጨመሩበት። ነጭ ዓሣን በአሥራ አምስት እንክፈለው የሚል የዩኒቨርሲቲ ሰው ነበር፤ እትዬ «ሚዛን ላይ ሰልፍ አለ፣ ወንድሜ» ብለው በሦስት እንዲወሰን አደረጉ፦ ትልልቁ ዓሣ በል፣ መካከለኛውና ትንንሹ። በእኔ ግምት ትክክል ናቸው። አስጋሪው ቆሞ ሲጠብቅ ሊሞላ የማይችል ቅጽ ማታ በግምት ይሞላል፤ ከዚያማ ባለ አንድ ዓምዱ ይሻላል፣ እሱ ቢያንስ አይዋሽም። እትዬ ለሥራው ጭማሪ አበል ጠይቀው ተከራክረው አገኙ።

የወንዙ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። የጣቢያው አስጋሪዎች ከሐምሌ እስከ መስከረም ከአንድ ወንዝ አፍ መረባቸውን ለማንሣት ተስማሙ፤ ሌላው ወንዝ እንደ ቀድሞው እንዲቀጥልና ሁለቱን ማወዳደሪያ እንድናደርጋቸው እኛም ፈለግን። ብርብራውን እርስ በርስ ሊጠባበቁ ቃል ገቡ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አስቀመጡ፦ «እኛ ስንወጣ የአሸዋው መኪናም ይውጣ፤ ካልወጣ ግን በማግሥቱ እንመለሳለን።»

የአሸዋ ፈቃድ የሚሰጠው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ደብተሮቹን በሠንጠረዥ አደራጅተን፣ የወንዙን ፎቶግራፍ አያይዘን፣ አለቃችን ፈርመውበት ላክንላቸው። መልስ መጣ፤ ጨዋነት የተሞላ መልስ ነው። ጉዳዩን ለመመርመር እንዲያመቻቸው ከወንዙ በዓመት የሚገኘውን የዓሣ ምርት፣ ዝርዝሩን ትተን፣ በአንድ ቁጥር ብቻ አጠቃልለን እንድንገልጽላቸው ይጠይቃል።