ጥምቀትን በጋራ ስናስተዋውቅ የተማርኩት

ጎንደር ውስጥ ትንሽ አስጎብኚ ድርጅት ነበረኝ። የ2004 ዓ.ም. ጥምቀትን ለውጭ እንግዶች በጋራ እናስተዋውቅ ብለን ተነሣን። ሆቴሎች፣ አስጎብኚዎችና ባለመኪናዎች ነበርን፤ ከመንግሥት በኩል ደግሞ የባህልና ቱሪዝም ሰዎች።

መጀመሪያ ሁላችንም ገንዘብ ከሌላው ወገን እንጠብቅ ነበር። ነገሩ መስመር የያዘው በየእጃችን ያለውን ስንቆጥር ነው። የትኛው መንገድ ለመኪና እንደሚዘጋና ጥበቃው እንዴት እንደሚሆን የሚያውቁት የመንግሥት ሰዎቹ ናቸው። የፋሲለደስ መዋኛ ከቀሃ ወንዝ ውሃ መሞላት የሚጀምርበትን ቀን እንኳ ከእነሱ ነው የሰማሁት። ውሃው ለመሙላት ቀናት ይፈጃል፤ እንግዳ ይህን ማየት በጣም ይወዳል። አልጋው፣ መኪናው፣ ቋንቋ የሚችለው ልጅና የውጭ ደንበኛው ደግሞ በእኛ እጅ ነበር።

ብሮሸሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ብዬ አሳተምኩ። አንድ መሪጌታ ወረቀቱን አይተው በጣታቸው ቆጠሩና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ከተራው ነው» አሉኝ። ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነች፣ የሚቀጥለው ጥምቀት በፈረንጆቹ 20 ላይ ይውላል። 2003 ደግሞ ጳጉሜ 6 ነበረች። ሌሊቱን ሙሉ በየብሮሸሩ ላይ ትክክለኛውን ቀን ስንለጥፍ አደርን። ቀድመው ትኬት የቆረጡ ባልና ሚስት ግን ታቦታቱ ሲወርዱ አይተው፣ ውሃው ሳይባረክ ተመለሱ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ የባሰው የአልጋ ዋጋ ነው። ለበዓሉ ዋጋው እጥፍ ሆነ። ቀብድ የከፈለች አንዲት እንግዳ ማታ ደርሳ «ተይዟል» ተባለች። ደረሰኟን እንደያዘች ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እህቴ ቤት ወስጄ አሳደርኳት። እንዲህ የተደረገ ሰው አገሩ ሄዶ ምን ይላል? የትኛውም ማስታወቂያ ይህን አይጠግነውም።

ለ2005ቱ ዋጋውን በመስከረም ቆርጠን ተፈራረምን። ቀብድ የተቀበለበትን አልጋ ለሌላ የሰጠ ሆቴል ከብሮሸሩ ይወጣል አልን፤ አንዱን አወጣነው። ቅሬታ ሲመጣ የቱሪዝም ሰዎቹም ከጎናችን ቆሙ። የአዲሱን ብሮሸር ረቂቅ ግን መጀመሪያ ይዤ የሄድኩት መሪጌታው ዘንድ ነው። በጣታቸው ቆጠሩ።

«ዘንድሮ 19 ነው፤ አሳትም» አሉኝ።